አራቱ የት ሄደ?

ባለፈው እቴቴን ልጠይቅ መራዊ ወርጄ ነበር። እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከባሕር ዳር መራዊ ሩቅ አይደለም፤ ከ30 ኪሎ ሜትር ቢበልጥ ጥቂት ነው። ሦስት ቀን አደርኩ። በሦስቱም ቀን፣ ማታ ማታ፣ የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ እቴቴ ቤት ይሰበሰባሉ። ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካሉ፣ ፊልም ያያሉ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ችሎት ይቀመጣሉ።

ችሎቱ አጭር ነው።

«ከአሥር ስንት?» ይላል አንዱ።

«ሰባት።»

«ስድስት ተኩል።»

«ኧረ ስምንት! ነፍስ ነው!»

«ቀሽም ነው ባክህ፤ ሦስት።»

የእህቴ ልጅ ስልኩን ያወጣና ይጽፋል። ዝርዝር አለው። ያዩት ፊልም ሁሉ፣ የሆሊውዱ፣ የሕንዱ፣ የኮሪያው፣ የአማርኛው፣ ከነነጥቡ ተመዝግቧል። ከመቶ በላይ ፊልም ነው። ፊልም የሚጭንላቸው ልጅም ዝርዝሩን ይዋስና ለሌላው ደንበኛ ያሳያል። «ከአምስት በታች ያገኘውን አልጭንም፤ ቦታ ይፈጃል» ብሏል አሉ። እንግዲህ በዚህች ከተማ አንድ ፊልም ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው የሚወሰነው እቴቴ ሳሎን ውስጥ ነው ማለት ነው።

እኔ ደግሞ አመሌ አይለቀኝም። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ያመጡብኝ አመል ነው። «ለምን ሰባት?» አልኩት አንዱን።

«አሪፍ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ምኑ?»

«ሁሉ ነገሩ።»

«አንተስ? ለምን ሦስት?»

«ይደብራላ።»

«ምኑ?»

ትከሻውን ሰበቀ። ልጁ ቂል አይደለም፤ የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው። ድልድይ ቢያሳዩት የትኛው ምሰሶ እንደሚሰበር ይነግርዎታል። ስለ ፊልም ሲሆን ግን «ይደብራል» ካለ በኋላ ቃል አለቀበት።

በሁለተኛው ማታ የአማርኛ ፊልም አመጡ። ስሙን አልናገርም፤ ነገሬ ከፊልሙ ጋር አይደለም። አዲስ አበቤው ወጣት ገጠር ወርዶ ከባላገር ልጅ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ልጅቱ እንስራ አዝላ ከምንጭ ትመለሳለች፣ እሱ መኪናውን ያቆማል፣ ሙዚቃው ይለቀቃል። ልጆቹ ጸጥ ብለው ያያሉ። እቴቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ ፊልሙን የምታይ አልመሰለኝም። ድንገት ቀና ብላ «እንስራው ባዶ ነው» አለች።

«ምን አልሽ እቴቴ?»

«ባዶ ነዋ! ውሃ የያዘ እንስራ ያዘለች ሴት እንዲህ ቀጥ ብላ ትሄዳለች? ወገቧ አይጎብጥም? ደግሞስ አፉ ላይ ቅጠል የታለ? ሳትወትፈው ዳገት ወጥታ ጀርባዋ አንዲት ጠብታ አልነካውም። ይቺ ልጅ ውሃ አልቀዳችም። ውሃ ሳትቀዳ ነው ፍቅር የያዛት።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ላስተምር የለፋሁበትን ነገር እቴቴ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። አየች፤ ያየችውን ጠራችው፤ ለምን ሐሰት እንደሆነ አስረዳች፤ መጨረሻ ላይም ከእንስራው ተነስታ ወደ ፍቅሩ ገባች። እንስራው ባዶ ከሆነ ፍቅሩም ባዶ ነው። ይህ ሂስ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሂስ በጋዜጣ ላይ አላነበብኩም፤ ራሴም አልጻፍኩም።

የእህቴ ልጅ ግን ስልኩን አውጥቶ «ከአሥር ስንት?» አለ። እቴቴን የጠየቃት የለም። ፊልሙ ስድስት ተኩል አገኘና አለፈ። እንስራውን የመዘገበ አልነበረም።

የዛሬው ጠቤ ከዚህ ነጥብ ጋር ነው። ከልጆቹ ጋር እንዳይመስላችሁ። ልጆቹማ ፊልም ይወዳሉ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንኳ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ያዩ ነበር። እንዲህ ያለ ፍቅር አይናቅም። የምጠላው ይህን ፍቅር አፍ አልባ ያደረገውን ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ከውጭ ነው። አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም መዝገብ በ1990 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የጥቂት ፊልም አፍቃሪዎች ዝርዝር ነበር፤ ልክ እንደ እህቴ ልጅ ዝርዝር። ዛሬ ግን ፊልም የሚሸጠውም የሚገዛውም ያንን ከአሥር የሚሰጥ ነጥብ ያያል። ሮተን ቶሜቶስ የሚባለው ደግሞ በመቶኛ ይናገራል። ልጆቹ «ዘጠና አምስት ከመቶ አለው» ሲሉ ፊልሙ ከመቶ ዘጠና አምስት የወሰደ ጎበዝ ተማሪ ይመስላቸዋል። ትርጉሙ ሌላ ነው። ከመቶ ሐያስያን ዘጠና አምስቱ በጎ አስተያየት ሰጡ ማለት ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም። መቶ ሰው «ደህና ነው፣ ክፉ አይደለም» ካለ መቶ ከመቶ ነው። ስልሳ ሰው «ሕይወቴን ለወጠው» ቢል፣ አርባው ቢጠላው፣ ስልሳ ከመቶ ነው። የትኛውን ፊልም ማየት ትመርጣላችሁ? እኔ ስልሳ ሰው ያስለቀሰውን፣ አርባ ሰው ያስቆጣውን እመርጣለሁ። መቶኛው ግን እሱን ከታች አስቀምጦልኛል።

የልጆቹ ዝርዝር አናት ላይ «ሻውሻንክ ሪደምፕሽን» ዘጠኝ ይዞ ተቀምጧል። በአይኤምዲቢም ለዓመታት አናት ላይ ያለ ፊልም ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ግን አዳራሽ አልሞላለትም። ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። በዚያን ጊዜ ነጥብ ቢሰጠው ኖሮ የመራዊው ልጅ «ቦታ ይፈጃል» ብሎ ይተወው ነበር። ያዳነው ቪዲዮ ተከራይቶ፣ በቴሌቪዥን አይቶ፣ ለጎረቤቱ «እስረኛው እንዲህ ሲያደርግ ብታየው!» ብሎ ያወራ ሰው ነው። ወሬው ቀደመ፤ ነጥቡ ተከተለ።

አሁን ጣቴን ወደ ራሴ ላዙር። እኔ ማን ሆኜ ነው ነጥብ የምኮንነው? ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ነጥብ እየሰጠሁ ነው።

አንድ ዘመን ከመቶ በላይ ተማሪ ነበረኝ። አጭር ልቦለድ ጻፉ አልኩ። ወረቀቱ ተከመረ። ሌሊት እያዛጋሁ አረምኩ፤ አረምኩ ማለት ቁጥር ጻፍኩበት ማለት ነው። በማግስቱ ከቡሬ ገጠር የመጣ አንድ ዝምተኛ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። በቀይ ብዕር «6/10» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

«መምህር፣ አራቱ የት ሄደ?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከአሥር ስድስት አግኝቻለሁ። አራቱ የት ላይ እንደሄደ ቢያሳዩኝ ብዬ ነው። እንዳስተካክለው።»

ልጁ ነጥብ ይጨመርልኝ አላለም። አራቱ የት እንደሄደ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ወረቀቱን አነሳሁ፤ ገለበጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ አላስታወስኩትም። ስለ ምን እንደጻፈ እንኳ አላውቅም ነበር። ላለመዋረድ «ሥራህ ገና አልበሰለም» አልኩት። አመስግኖኝ ወጣ። ጎጃሜ ነውና እጅ ነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ልቦለድ አልጻፈልኝም። ሌላ ቦታ ጽፎ ይሆናል፤ ላይጽፍም ይችላል። የማውቀው አራቱን እንዳልመለስኩለት ነው።

እንግዲህ ነጥብ ማለት ይህ ነው። ምክንያት የሌለው ሰው የሚሸሸግበት ጫካ ነው። «ስድስት» ሲባል የተለካ፣ የተመዘነ ይመስላል፤ ከጀርባው ግን አንድ የሚያዛጋ ሰው ሊኖር ይችላል። ቁጥር ክርክር አያስነሳም። አንተ ሰባት፣ እኔ ስድስት፣ ደህና እደር። «እንስራው ባዶ ነው» ብትለኝ ግን ሄጄ አያለሁ። ፊልሙን መልሼ አየዋለሁ፤ ልክ ከሆንክ እቀበልሃለሁ፣ ካልሆንክ እሟገትሃለሁ። አዘጋጁም ቢሰማ ሁለተኛ ጊዜ እንስራውን ውሃ ይሞላዋል። «ከአሥር ሦስት» ብለህ ብትልክለት ግን ምን ያድርግ? ያለቅሳል ወይም ይሰድብሃል፤ ከዚህ ሌላ ምርጫ አልሰጠኸውም።

ደግሞ ይህን የምናገረው የት አገር ሆኜ ነው? ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር! ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ዋድላ ወሎ ቢሆንም ሁለቱ የጎጃም ናቸው። የቅኔ ተማሪ ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ይነግራል። የኔታ ከአሥር ስንት አይሉትም። «ይቺ ቃል ቤት አትመታም፤ ሰምህ ወርቁን አልተሸከመም፤ ሂድ አስተካክለህ ና» ይሉታል። ጉባኤው ይሰማል፣ ጓደኞቹም ከእሱ ስህተት ይማራሉ። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ መወድስ የሚደርሰው እንዲህ እየታረመ ነው። ቅኔው የሰመረ ጊዜ ደግሞ «ይበል!» ይባልለታል። «ይበል»ም ቢሆን ባዶ ጭብጨባ አይደለም። ሰሙንም ወርቁንም የሰማ ሰው ነው የሚለው፤ ያልገባው ሰው «ይበል» ብሎ «እስቲ ወርቁን ፍታው» ቢባል ያፍራል።

ይህ የሊቃውንት ነው ካላችሁ ወደ ምእመኑ እንምጣ። ፍቅር እስከ መቃብር በደርግ ዘመን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰው እንዴት ያዳምጥ እንደነበር የእኔ ዘመን ሰዎች ታውቃላችሁ። በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ መንገድ ላይ ናት፤ ልብ ወለድ ብትሆንብን እንኳ ሰፈራችን ናት። ትረካው ሲያበቃ ሙግት ይጀመራል። እናቱ መሳሏ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ልጅ ሳይጠየቅ ለስዕለት ይሰጣል? ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ናቸው ወይስ ዘመናቸው ነው? ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ ብቸኛው ጤነኛ? ማንበብ የማይችል ገበሬ ሁሉ ይሟገት ነበር። «ለሀዲስ ዓለማየሁ ከአሥር ስንት ትሰጣለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ የሰነፍ ጥያቄ ጠየቅህ ይባል ነበር።

እርግጥ ያለፈውን ዘመን ሁሉ ላሞግስ አልተነሳሁም። በአንድ ቃል መፍረድ እኛም ዘንድ ነበር። በምኒልክ ዘመን ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ የተሰጠውን ስም ታውቃላችሁ፤ «ሰይጣን ቤት»። አገራችን ለፊልም የሰጠችው የመጀመሪያ አስተያየት ይህ ነው። ሁለት ቃል፤ ምክንያት የለው፤ ክርክር የለው። ሰው በፍርሃት ነበር እንዲህ ያለው፤ ፈርቶ የፈረደን ሰው ደግሞ ምክንያት አትጠይቀውም። እኛ ግን አንፈራም፤ ሳንፈራ ያንኑ እንደግማለን።

የተማርነውስ ምን አደረግን? ከልጆቹ አንሻልም። በአንድ በኩል «መዋቅራዊ»፣ «ሥነ ውበታዊ»፣ «ድኅረ ዘመናዊ» የሚል የቃል ድንጋይ እየደረደርን ማንም የማያነበው ሂስ ጻፍን። በሌላ በኩል ፊልም ስንመርጥ ሽልማት ቆጠርን። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ በተመልካች ድምፅ አሸነፈ። ይህን የሚያውቅ ምሁር ብዙ ነው። ምስክርነቱ ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬን «ጤዛን እንዴት አየኸው?» ብለው ሽልማቱን ዘረዘረልኝ። «ፊልሙንስ?» ብለው «እሱንማ ገና ነው» አለኝ። ውጭ አገር ተምሮ ወደ መንደሩ ስለተመለሰ ምሁር የተሠራን ፊልም፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ምሁር ሳያየው ይኮራበታል። ከዚህ በላይ የእህቴን ልጅ ልገሥጸው ምን አፍ አለኝ?

«ጋዜጠኛው ሆይ፣ አጋነንክ» የሚሉኝ ይኖራሉ። ነጥብ ጊዜ ይቆጥባል ይሉኛል። እውነት ነው። ዳታ ውድ ነው፣ ፍላሹ ይሞላል፣ መብራት ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ቀሽም ፊልም ላይ መብራትን ማባከን አይገባም። ልጆቹ ሐያስያን አይደሉም፣ ለመዝናናት ነው የሚያዩት ይሉኛል። ይህም እውነት ነው። እቴቴም ግን ሐያሲት አይደለችም፤ ቡና እያፈላች ነበር። ምክንያት መስጠት ዲግሪ አይጠይቅም። ዓይን ይጠይቃል፤ ያየኸውን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ድፍረት። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት አባቶቻችን ሕግ ትምህርት ቤት አልገቡም።

የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር፤ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ከሳሽ ክሴን ጥዬ ልሂድ ቢል እግሩ ታስሯል። ፊልም ሠሪና ተመልካች እንዲህ ቁራኛ መሆን አለባቸው ባይ ነኝ። «ቀሽም ነው» ያልክ ሰው ከከሰስከው ጋር አብረህ መንገድ መሄድ አለብህ፤ የቱ ጋ፣ ለምን፣ ምን ቢሆን ይሻል እንደነበር እየተናገርክ። ነጥብ የሚሰጥ ሰው ግን ከስሶ፣ ፈርዶ፣ ሰንሰለቱን በጥሶ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ለምን እንደማከርር ልንገራችሁና ላብቃ። መራዊ በጥር 2016 ዓ.ም. ስሟ በዓለም ዜና ተነሳ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማንነታቸውን ያረጋገጠ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን አስታወቀ። 45ም ቁጥር ነው። ኮሚሽኑ መቁጠር ነበረበት፤ መቁጠሩ ደግ ነው። ቁጥሩ ግን ማን ማን እንደነበሩ አይናገርም፤ የማን ምድጃ ላይ ምን ተጥዶ እንደነበር አይናገርም። አንድ ቀን፣ ነገ ይሁን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ስለዚህ አገርና ስለዚህ ዘመን ፊልም ይሠራል። ሠሪው ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። መራዊን ጭራሽ የማይመስል መንደር ሊያሳየን ይችላል፤ ባዶ እንስራ ሊያሸክመን ይችላል። ያን ጊዜ የመራዊ ልጅ ምን ሊል ነው? «ከአሥር አራት» ብሎ ፍላሹን ሊነቅል ነው? ወይስ ቆሞ «ይህ እንዲህ አልነበረም፤ ያቺ እናት እንዲህ አላለቀሰችም፤ ምክንያቱም…» ሊል ነው? «ምክንያቱም» የምትለውን ቃል ዛሬ በተራ የፍቅር ፊልም ላይ ካልተለማመዳት፣ በዚያን ቀን ከየት ያመጣታል?

በሦስተኛው ማታ ልጆቹን አንድ ነገር ለመንኳቸው። ነጥባችሁን አልነካም፤ ስጡ። ግን የቀነሳችሁትን መልሱ። ሰባት የሰጠ ሦስቱ የት እንደሄደ ይንገረን። ደስ አላላቸውም፤ «ፈተና አደረግከው ጋሼ» አሉኝ። ለእንግዳ ብለው ግን ተቀበሉ።

ፊልሙ አለቀ። የምህንድስናው ልጅ «አምስት» አለ።

«አምስቱ የት ሄደ?»

አሰበ። «ገበሬው… ኅዳር ነው ብለው ስንዴ ሲዘራ ያሳያሉ። በኅዳር ማን ይዘራል? አጨዳ ነው እንጂ። አገሩን አያውቁትም።»

ከወዲያ ጥግ የተቀመጠው፣ እስከዚያ ሰዓት ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ቀና አለ። «አባቴ ይዘራል» አለ። «ቆጋ መስኖ ላይ መሬት አለን። ዝናቡ ሲያቆም ነው ስንዴ የምንዘራው።»

«ፊልሙ ላይ መስኖ የታለ? ቦይ አሳዩህ?»

«አሳይተዋል! መጀመሪያ ላይ፣ ልጁ ሲሮጥ የዘለለው ምንድር ነው?»

«እሱ ጅረት ነው።»

«ቦይ ነው!»

ፍላሹን መልሰው ሰኩት። እቴቴ ሦስተኛውን ቡና ቀዳች። ቦዩን ሲፈልጉ መብራት ሄደ፤ እነሱ ግን በጨለማው ይከራከሩ ነበር። በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ የእህቴን ልጅ «ለመሆኑ ያ ፊልም ስንት አገኘ?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ መጻፉን ረሳነው» አለኝ።